ጠረጴዛ ላይ የተኛ ቀፎ

በምዕራብ ጎጃም ቀፎ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ንብ የሚገባበት ነው፤ ሁለተኛው ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሰው ድምፅ የሚገባበት ነው። የመጀመሪያውን የማያውቅ የለም። ባለቤቱ በእበት ለቅልቆ፣ ንብ በሚጠራ ቅጠል አጥኖ፣ አፉ ወዴት እንደሚዞር መርጦ ይሰቅለዋል፤ መቼ እንደሚቆረጥና በየት በኩል እንደሚከፈትም ልጁ ሳይቀር ያውቃል። ሁለተኛው ቀፎ ግን ከመጣ ስንት ዘመኑ ሆኖ ዛሬም እንደ እንግዳ ተቀምጧል። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ደምበጫም ሆነ ሽንዲ፣ ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት ጎራ በሉና ከኃላፊው በር ፊት ለፊት ያለውን የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ተመልከቱ። ከማኅተሙና ከደብዳቤ መላኪያ መዝገቡ አጠገብ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ነገር አለ። ዳንቴሉ ገለጥ ሲል ብዙ መስመር የሚይዘው የቢሮ ስልክ ብቅ ይላል። ከቁጥሮቹ ሌላ ሃያ ያህል ቁልፎች አሉት። ከቁጥሮቹ መካከል ዜሮ፣ አምስትና ስምንት በጣት ብዛት ደብዝዘዋል፤ የአካባቢው መለያ ቁጥር 058 ነውና። ሌሎቹ ቁልፎች ግን ከካርቶን እንደወጡ ያብረቀርቃሉ፤ አንዳንዱ ስልክ ላይማ ከፋብሪካ የመጣበት ስስ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። በስተቀኝ በኩል በተደረደሩት ቁልፎች ጎን ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈነች፣ ከጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ወረቀት አለች። የሰው ወይም የክፍል ስም እንዲጻፍባት የተሠራች ናት። ወይ ባዶ ናት፣ ወይም በቢፒአር (በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) ጊዜ ተቋቁሞ በኋላ የፈረሰ የአንድ የሥራ ሂደት ስም ተጽፎባታል።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው፤ «ሥልጠና አልተሰጠም» ይባላል። በእኛ አገር ያልተሠራ ሥራ ሁሉ ሥልጠና ያልተሰጠበት ነው፤ ሥልጠና ተሰጥቶበት ያልተሠራ ከሆነ ደግሞ አበሉ ያልተከፈለ ነው። እኔ ይህን ምክንያት አልቀበለውም። ያችው ጸሐፊ በእጅ ስልኳ ቴሌብር ከፍታ ገንዘብ ትልካለች፣ በቴሌግራም የመጣላትን ደብዳቤ አውርዳ ታትማለች፣ የእህቷን ልጅ የክርስትና ቪዲዮ ቆርጣ ትቀጥላለች። ለዚህ ሁሉ ማንም አዳራሽ ሰብስቦ አላሠለጠናትም። ይህን የቻለች ጣት «ሆልድ» የተጻፈባትን አንዲት ቁልፍ መጫን አቃታት ብሎ ማመን ይቸግራል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ቁልፎቹ ሥራ የፈቱት ሥራቸውን ቀድሞ የያዘው ሰው ስላለ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የመጣው ሰው ያለበት ይዞታ ላይ ነው፤ ባለይዞታው አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ባይኖረውም ለረጅም ዘመን ሲያርሰው የኖረ መሬት ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም። ይህም በራሱ ባልከፋ ነበር። የከፋው የዚህ ሁሉ ወጪ ከቢሮው ሳይሆን ከደዋዩ ካርድ ላይ መቆረጡ ነው።

ባለይዞታዎቹን ልጥራቸው። ጥሪን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ፣ ሰው «ትራንስፈር» የሚለው ቁልፍ አለ። ከእርሱ በፊት ኮሪደሩ ነበረ። ጸሐፊዋ ብድግ ትልና በሩ ላይ ቆማ «ኧረ እነ መሬት! ስልክ!» ትላለች፤ መሬት አስተዳደር ማለቷ ነው። ድምፁ ከመዝገብ ቤቱ ወደ ገንዘብ ያዡ፣ ከገንዘብ ያዡ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ሻይ ቤቱ ይሻገርና ተፈላጊው ብርጭቆውን እንደያዘ ይመጣል። ድምፅ ማፈኛ «ሚዩት» አለ፤ የእርሱ ባለይዞታ መዳፍ ነው። ችግሩ መዳፍ ጣት አለው፣ በጣትና በጣት መካከልም ክፍተት አለ። «ያ የትናንቱ ሰውዬ ናቸው፤ ምን ልበላቸው?» የሚለው ጥያቄና «የለም በያቸው» የሚለው መልስ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ያልፋል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ ጸሐፊዋ መዳፏን አንሥታ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል ደዋዩ ስብሰባው ስንት ሰው እንዳለበት ጭምር አውቋል። ሦስትና አራት ሰው በአንድ መስመር የሚያገናኝ «ኮንፈረንስ» የሚባል ቁልፍም አለ። ዋርካ ሥር ሽማግሌ አስቀምጦ ሁለት ባላጋራ ማነጋገር ለሚያውቅ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ እንዲያውም ተራ የሚሰጥ ሽማግሌ ሳይኖር ሦስት ሰው እኩል እንዲናገር መፍቀዱ ለአገሬው ጆሮ ሥርዓት ማጣት ነው። «እንዳታስቸግሩኝ» የሚለውን ቁልፍ ዘበኛው ይዞታል። ጥሪ ወደ ሌላ ቦታ አዙር የሚለውን ደግሞ የቢሮው ሰው ሁሉ በአፉ ይሠራዋል፤ «ደምበጫ ወርደዋል፣ እዚያ ይሞክሩ» ይላል።

ከሁሉ ተለይታ ዘመድ ያገኘች አንዲት ቁልፍ አለች፤ ድምፅ ማጉያዋ፣ «ላውድ» የምትባለው። ከባሕር ዳር ሲደወል ላውድ ይደረጋል። ኃላፊው ክልል ማነጋገራቸውን ኮሪደሩ ካልሰማ ማነጋገራቸው ምን ይጠቅማል? ከቀበሌ ሲደወል ግን ላውድ የሚያደርግ የለም። የስልክና የሹመት ዝምድና መቼም የቆየ ነው። ቀድሞ የሹም ማዕረግ ጠረጴዛው ላይ በተሰለፉት ስልኮች ብዛት ይለካ ነበር፤ ሦስት ስልክ ያለው ሰው ሁለት ስልክ ካለው ይበልጣል፣ ከሦስቱ አንዱ ቀይ ከሆነማ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ አጥፎ አራት መስመር በአንድ ሣጥን ውስጥ ያጨቀው ፋብሪካ የጠረጴዛ ቦታ ያተረፈ መስሎት ይሆናል እንጂ ማዕረግ ነው የገፈፈው። እኔ ይህን ቅሬታ አቃልዬ አላየውም፤ አዲስ ዕቃ የሚገፋው ስለከበደ ብቻ አይደለም፣ የሚያስከብር ነገር ስለሚያሳጣም ነው።

የስልክ ቁልፍ የሰውን ቦታ ለመውሰድ የተነሣው ደግሞ ዛሬ አይደለም። «ስልክ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ ሽቦው ወደ አገር ሲገባ አብሮት ስልከኛ መጣ። ደዋዩ ቀፎውን ሲያነሣ የሚያገኘው ስልከኛውን ነው፤ ስልከኛው በእጁ ሽቦ ከሽቦ ያጋጥማል። ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ የሚያውቅ፣ ደስ ያላለውን «መስመሩ ተይዟል» ሊለው የሚችል፣ ሹም የሚለማመጠው ሰው ነበር። በአሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ አልመን ስትሮውጀር የሚባል ቀብር አስፈጻሚ ይህ ነገር አንገሸገሸው። እንደሚተረከው የተፎካካሪው ወገን የሆነች ስልከኛ ሐዘንተኛ በደወለ ቁጥር ጥሪውን እየጠለፈች ለወገኗ ትሰጥበት ነበር። ሰውየው ተናዶ ያለ ስልከኛ የሚሠራ ማዞሪያ ፈለሰፈ፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1891 አገኘ። እንግዲህ ቁልፍ መጫን የተወለደው ከሰው ጥርጣሬ ነው ማለት ነው። ጎጃም ይህ ጥርጣሬ አልገባውም፤ እዚህ ለቅሶ ስልከኛ ሊጠልፈው አይችልም፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሌሊት ተነሥቶ ለመንደሩ ሁሉ እኩል ይነፋዋል።

ቀፎ ማንሣት ተራ ነገር አለመሆኑን ግን ይህ አገር ቀድሞ አይቶታል። በ1933 ዓ.ም ጃንሆይ አጼ ኃይለ ሥላሴ ከስደት የተመለሱት በዚሁ በጎጃም በኩል ነበር። ጣሊያን ቡሬን በየካቲት መጨረሻ ለቀቀ፣ ደምበጫን በቀናት ልዩነት፣ ደብረ ማርቆስን በመጋቢት መጨረሻ። አርበኛውና በእንግሊዞች የሚመራው የጌዴዎን ጦር አንድ ላይ ሆነው ነው ያባረሩት። ስለ ጦሩ አዛዥ ስለ ኦርድ ዊንጌት ከሚተረኩት አንዱ የስልክ ወሬ ነው። ጣሊያን ጥሎት ከሸሸ አንድ ምሽግ ውስጥ ስልክ ይጮኻል። ከጦሩ ጋር የነበረው ጣሊያንኛ አዋቂ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ቀፎውን ያነሣል፤ ከዚያኛው ጫፍ ያለው መኮንን ምን እየሆነ እንደሆነ ይጠይቃል። አሥር ሺህ የእንግሊዝ ጦር መንገዱን ይዞ እየመጣ ነው፣ ባላችሁበት አትቆዩ ይለዋል። መኮንኑ አመነ፤ ቦታውን ለቆ ሄደ። የጌዴዎን ጦር በሙሉ ያን ጊዜ ከሁለት ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። መኮንኑ ሞኝ ሆኖ አይመስለኝም። የደወለው ለሰው ሳይሆን ለቦታ ነው፤ ከዚያ ቦታ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የመንግሥቱ ድምፅ መሰለው። ዛሬም ከገጠር ወደ ወረዳ የሚደውል ሰው እንደዚያው ነው። ቀፎውን ያነሣ ሁሉ፣ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛዋም ብትሆን፣ ለእርሱ መንግሥት ናት።

እስቲ ያንን ደዋይ ቀረብ ብለን እንየው። ሰኔ ገብቷል፣ በቆሎው በቅሏል፣ ዩሪያ ይጠበቃል። የቋሪት ወይም የጃቢ ጠህናን ገበሬ ኔትወርክ የሚይዝበትን ጉብታ ወጥቶ፣ ዱላውን ተደግፎ ይደውላል። ጸሐፊዋ ታነሣለች። ያለ ሰላምታ ወሬ አይጀመርምና «እንዴት ዋላችሁ?» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት ዋሉ አባቴ?» ትላለች፤ ዝናቡ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል። ከዚያ ማዳበሪያው ገባ አልገባ እንደሆነ ሊያጣራ መደወሉን ይናገራል። «እሱን የሚያውቁት ግብዓት ክፍል ናቸው፤ ልጥራልዎት፣ እንዳይዘጉት አባቴ» ትልና ቀፎውን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ታስተኛዋለች። አክብሮቷ እውነተኛ ነው፣ ምንም አይወጣላትም። አሁን ግን ገበሬው ጆሮው ብቻ ቢሮ ገብቷል። ወንበር ሲሳብ ይሰማል፤ ኮቴ ሲርቅ ይሰማል፤ «ስኳር ያለው ነው የሌለው?» ሲባል ይሰማል፤ ማን ወደ የት ሊዛወር እንደሆነ፣ ለማን ለቅሶ ስንት እንደተዋጣ፣ ስለ ትናንቱ ግምገማ ማን ማንን እንዳማ ይሰማል። ማዳበሪያ የሚል ቃል ብቻ አይሰማም። ካርዱ ይቆጥራል። በአራተኛው ደቂቃ አንድ ቅን ሠራተኛ ሲያልፍ ቀፎው ከቦታው ወርዶ ያያል፤ «ማነው ይኼን ስልክ ሳይዘጋ የሄደ?» ብሎ በጥንቃቄ አንሥቶ ይዘጋዋል። ዳንቴሉንም ያለብሰዋል። ገበሬው እንደገና ይደውላል፤ ይህን ጊዜ ያነሣው ሌላ ሰው ስለሆነ ሰላምታው ከዝናቡ ይጀምራል።

በዚህ መካከል አጥፊ ፈልጉ ብትሉኝ አላገኝም። ጸሐፊዋ ተነሥታ ሄዳለች፣ ቅኑ ሠራተኛ የመንግሥት ንብረት ጠብቋል፣ የግብዓቱ ሰው እየመጣ ነበር። የጎደለችው አንዲት መብራት ናት። «ሆልድ» የምትባለው ቁልፍ ስትጫን የያዘችው መስመር ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች፤ በር ላይ ሰው ቆሟል ማለቷ ነው። ያችው መስመር የተሰጠችው ሌላ ስልክ ላይም አብራ ትርገበገባለች። የግብዓቱ ሰው ኮሪደር ማቋረጥ ሳያስፈልገው፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ የምትርገበገበውን ተጭኖ «አቤት አባቴ» ይላል። ብዙዎቹ ስልኮች ደዋዩ ከቆየ ጢጢጢ እያሉ ያስታውሳሉ። የተኛ ቀፎ አይርገበገብም፤ የተኛ ቀፎ የተረሳ ሰው ነው፣ ያውም ሁሉን እየሰማ የተረሳ።

«ሰውን አንጠልጥሎ ማቆየት ነውር አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ እጠብቃለሁ፤ የሚገባም ተቃውሞ ነው። ደጅ ጥናትን ገና ከግቢ ሳናስወጣ በሽቦ ልናስገባው ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ልዩነቱን በቤት ምሳሌ አየዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ እስኪወጣ በረንዳ ላይ ወንበር መስጠት አንድ ነገር ነው፤ እልፍኝ አስገብቶ፣ መቀመጫ ሳይሰጡ፣ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ እያሰሙ ማቆም ሌላ ነገር ነው። እኛ አሁን የምናደርገው ሁለተኛውን ነው። አልፍሬድ ሌቪ የሚባል አሜሪካዊ የፋብሪካ ባለቤት ደግሞ ለበረንዳው ሙዚቃ ጨመረለት፤ የስልኩ ሽቦ ከሕንፃው ብረት ተነካክቶ የጎረቤት ራዲዮ ዘፈን ወደ መስመሩ ሲገባ ሰምቶ ነው አሉ ሐሳቡ የመጣለት፤ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1966 አስመዘገበ። ይህን ለምኑልኝ፣ እዚህ እንዳይመጣ። ሰው በካርዱ እየከፈለ ዘፈን እንዲሰማ ማድረግ ነውሩ እዚያ ላይ ነው፤ በማሲንቆ ቢሆንም አልደግፈውም። ዝምታ ይበቃል፣ ዝምታው ግን አጭር ይሁን።

«ገበሬው ቁልፍ አይለምድም፣ ይደናገራል» የሚለውን ክርክር ግን አልታገሥም። በ2006 ዓ.ም የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባል ነፃ የስልክ መስመር ከፈተ። ደዋዩ ድምፅ ይሰማል፤ ለዚህ ቋንቋ ይኼን ቁጥር፣ ለጤፍ ይኼን፣ ለበቆሎ ያንን እየተባለ ቁልፍ ይጫናል፤ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ መጠን ምክር ይነገረዋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ያስተናገደ መስመር ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ሊጠቀምበት እንዲችል ተብሎ ነው በድምፅ የተሠራው። እንግዲህ ይኸው፤ ገበሬው ጉብታው ላይ ቆሞ አንድን፣ ሦስትን፣ አምስትን እየተጫነ ወደሚፈልገው ይደርሳል፣ ቁልፍ የማይጫነው ቢሮው ነው። የሚያስቀው ደግሞ ቃሉ ነው። ግብርና ቢሮ ውስጥ «ኤክስቴንሽን» ሲባል ጭቃ ረግጦ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው የልማት ሠራተኛው ሥራ ነው። ስልኩም «ኤክስቴንሽን» አለው፣ ከክፍል ክፍል የሚያገናኝ የውስጥ ቁጥር። የመጀመሪያው ኤክስቴንሽን ወንዝ ተሻግሮ ሽቅብ ተራራ ይወጣል፤ ሁለተኛው ከጸሐፊዋ ክፍል ግብዓት ክፍል መድረስ አቅቶታል። 8028 ላይ ግን ከመጠን በላይ አልመካም። የተቀዳ ድምፅ ዕውቀት ሊሰጥ ይችላል፣ ውሳኔ አይሰጥም። የእኔ ማዳበሪያ የትኛው መጋዘን ገባ ለሚል ሰው መልስ ያለው ሰው ዘንድ ነው፤ ቁልፉ የሚፈለገው ወደዚያ ሰው ለማድረስ ነው እንጂ ሰውየውን ለመተካት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ይህ ነው፦ «በሞባይል ዘመን ስለ ጠረጴዛ ስልክ ምን አስጨነቀህ? ሁሉም የእጅ ስልክ አለው፣ ገበሬውም የኃላፊውን ቁጥር ይዟል።» እውነት ነው፣ ይዟል። ችግሩ የያዘው የሰውየውን ቁጥር ነው፤ ሰውየው ደግሞ ይዛወራል። የወንበርማው ኃላፊ ሰከላ ሲመደብ ቁጥሩን ይዞ ሰከላ ይወጣል። ገበሬው በስልኩ ውስጥ «ግብርና»፣ «ግብርና አዲሱ» እና «ግብርና ያሁኑ» የሚሉ ሦስት ስሞች አሉት፤ ሦስቱም ደህና ሰዎች ናቸው፣ ሲደውልላቸው ሰላምታቸውን አጥግበው «እኔ እንኳ ከለቀቅሁ ቆየሁ» ይሉታል። የጠረጴዛው ስልክ ግን የወንበሩ ነው። ሹም ሲሻር አብሮ አይሻርም፣ የእረፍት ፈቃድ አይወጣም፣ ባትሪው አለቀ አይባልም። በ1998 ዓ.ም የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ሁሉ ሲለወጡ አንድ ጊዜ ተናወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ባለበት አለ። የሞባይል ጥሪን ማንሣት አለማንሣት የሰውየው መብት ነው፣ ምሳ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። የቢሮን ስልክ አለማንሣት ግን ሥራን አለማንሣት ነው። ስለዚህ በሞባይል መብዛት የጠረጴዛው ስልክ ዋጋ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም ባይ ነኝ።

መብራት ይጠፋል የሚሉም አሉ። ይጠፋል። ተራው የመስመር ስልክ ኃይሉን በራሱ ሽቦ ከቴሌ ስለሚያገኝ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ ባለብዙ መስመሩና ወረዳዎችን በኔትወርክ ባገናኘው በወረዳኔት ጊዜ የመጡት በኢንተርኔት የሚሠሩት ስልኮች ግን ከግድግዳው ሶኬት ወይም ከማዞሪያው ሣጥን ኃይል ይፈልጋሉ። መድኃኒቱ አንዲት ተራ ስልክ በአንደኛው መስመር ላይ አስቀርቶ ማቆየት ነው፤ ዋጋዋም ብዙ አይደለም። «ዜሮ ተዘግቷል» ለሚለው ደግሞ፣ ዜሮ የሚዘጋው ለሚወጣ ጥሪ ነው። ገበሬው የሚደውለው ወደ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሃያውን ቁልፍ ልመዱ አልልም። ኮንፈረንሱን ለዋርካው፣ «እንዳታስቸግሩኝ»ን ለዘበኛው ተዉለት፤ ላውዱም ለባሕር ዳር ይቆይ። ሁለቱን ብቻ፣ ማቆያዋንና ማስተላለፊያዋን፣ ከባለይዞታዎቻቸው ተረከቡልኝ። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያች በፕላስቲክ የተሸፈነች ወረቀት ናት፤ የቱ ቁልፍ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ማስተላለፍ ዕጣ መጣል ነው። ፕላስቲኳ በጥፍር ጫፍ ቀስ ብላ ትነሣለች። የፈረሰውን የሥራ ሂደት ስም አውጥታችሁ ግብዓት፣ መሬት፣ ገንዘብ፣ መዝገብ ቤት ብላችሁ ጻፉ፤ የሰው ስም አትጻፉ፣ ይዛወራል። የክፍሉም ስም ቢሆን በሚቀጥለው መዋቅር ሊለወጥ ይችላል ብሎ መስነፍ አያስፈልግም፤ ፍኖተ ሰላም ራሷ ቀድሞ ወጀት ነበረች፣ ጃንሆይ ስሟን ሲለውጡላት ከተማ ሙሉ ሰው አዲሱን ስም ለመደው። ለማንኛውም በእርሳስ ጻፉት። ዳንቴሉንም ከስልኩ ላይ አንሡና ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጉት፤ መብራቷ ስትርገበገብ ትታይ።